«ዛሬ ካልደረሱልን» የሚለው ኢሜይል

ምርጫው ሲቃረብ ለአባቴ ኢሜይል ከፈትኩላቸው። ብዙም ሳይቆይ ከሚደግፉት ፓርቲ ስማቸውን ጠርቶ «ዛሬ ካልደረሱልን አለቀልን» የሚል መልእክት መጣላቸው። መዋጮ መጠየቂያ እንደሆነና ለሁሉም ደጋፊ እንደሚላክ ባስረዳቸውም «ስሜን ጠርተው ጽፈውልኝማ አልቀርም» ብለው ኮታቸውን ለበሱና ከልደታ ሜክሲኮ እስካለው የፓርቲው ቢሮ ድረስ በእግር አስከትለውኝ ሄዱ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሻይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ።

«ምን ደረሰባችሁ ልጆቼ?» አሉ አባቴ መልእክቱን እያሳዩአቸው።

መልእክቱን የጻፈው ወጣት አፈረ። «ምንም አልሆንንም አባባ፤ እንዲህ ካልተባለ ሰው አያዋጣም።»

«ደህና ሆናችሁ አለቀልን አትበሉ። የእውነት የጨነቃችሁ ቀን ማን ይመጣላችኋል?» አሏቸውና የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው ተመለሱ።

በሳምንቱ ሌላ መልእክት መጣ፤ «ደህና ነን፣ ሲመችዎ ያዋጡ» ይላል። ለሌላውም ሰው ተልኮ እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴ ግን ደስ ብሏቸው አዋጡ።