የሄደብኝ መውቂያ

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር የማሽን ንድፍ እየተማርኩ ነው። በኮምፒውተር የሠራሁትን የጤፍ መውቂያ ለአገሬ ገበሬዎች ላሳይ እብናት ወረድኩ። ከወደዱት የምማርበት ኮሌጅ ወርክሾፕ ይሠራዋል፤ ካልወደዱት ልፋቴ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል።

በኮምፒውተር ማሽን ሲገጣጠም ዘንጉ ቀዳዳው መሃል ይግባ፣ ይህ ጎን ከዚያ ጎን ይግጠም እየተባለ ክፍሎቹ ይተሳሰራሉ። ከሁሉ በፊት ግን መቆሚያው ባለበት መተከል አለበት። ያን ቀን የረሳሁት ይህንኑ ነው።

"አሁን ጤፉን የሚወቃው ከበሮ ሲዞር ታያላችሁ" ብዬ በማውዝ ስጎትተው መውቂያው እንዳለ ተነሣና በፕሮጀክተር ካበራሁበት ግድግዳ ጥግ ሾልኮ ጠፋ። አንዷ እናት አማተቡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከፊት የተቀመጡት አባ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ዐውድማችን አንዱ ገደል አፋፍ፣ አንዱ ገደል ሥር ነው። የፊተኛውን መውቂያ ስንሸከም ወገባችን ተቆረጠ።"

"ልክ ነዎት አባባ" አልኩ አቀርቅሬ።

"እንግዲያስ ምን ያስተክዝሻል? ይሄን በራሱ የሚሄደውን ሥሪልን!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጎማ ያልነበረው መውቂያዬ በዚያው ቀን ጎማ ታዘዘለት።