የእትዬ አስካለ ግቢ ውሃ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ስልኩን ነካ ሲያደርግ የግቢያቸው ውሃ መርጫ በራሱ ተነሣ። «እማዬ፣ ግቢው በአራት ዞን ተከፍሏል፤ ተራ በተራ ነው የሚጠጣው» ብሎ ሊያስረዳኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ለእኔ! ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት።

አርባ ምንጭ የቧንቧ ሥራ ተምሬ ጂንካ የተመለስኩ ሰሞን ሃያ ዓመቴ ነበር። የቧንቧ ቁልፍ ይዤ በገበያ ሳልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። አባቴ «አንድ ሥራ ሞክሪ፤ ካልሆነልሽ ሱቁ አለ» አለኝ። ዕድሜ ልክ ጨውና ሳሙና ስሸጥ? ሞቼ እገኛለሁ!

ያ አንድ ሥራ የእትዬ አስካለ ግቢ ሆነ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሲቆጡ ያስፈራሉ፣ ወዲያው ደግሞ ያጎርሳሉ። ልጃቸው ከወር በኋላ የምትዳረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሣሩ ግን በበጋው ፀሐይ አሮ አልቋል። ከወይጦ የመጣ ሙዳ የሚባል የፀማይ ብሔረሰብ ጎልማሳ እየቆፈረልኝ፣ እትዬ አስካለ ኩርኩፋ የሚባለውን የበቆሎ ድብልብል በሽፈራው ቅጠል እያቀረቡልን፣ ሳምንት ሙሉ ቧንቧ ቀበርን። ሣሩ ላይ የተከልናቸውን ዐሥራ ሁለት መርጫዎች ሁሉ በአንድ መስመር አገናኘኋቸው። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

በምንከፍትበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አባቴም መጣ። መክፈቻውን አዞርኩት። ወይ ጉድ! ዐሥራ ሁለቱም እንደ ሕፃን ልጋግ ተንጠባጠቡ።

«ይኼ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ።

አባቴ የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ያንቃጭል ጀመር፤ ይኼ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሙዳ አካፋውን ተደግፎ ውሃው የሚመጣበትን የግቢውን ታንከር አየና «እኛ ወይጦ በቆሎ ስናጠጣ ለሁሉም በአንዴ አንከፍትም» አለኝ። «ጠዋት ለእኔ፣ ከሰዓት ለወንድሜ። የእኔ ተራ ሲያልቅ ቦዬን በጭቃ እዘጋለሁ። ሁሉም ከከፈተ ማንም አያጠጣም።»

አስተማሪያችን ዞን እያሉ ሰሌዳ ላይ የሳሉት ክብ ሁሉ ያኔ ገባኝ። በቃሌ ይዤው ፈተና አልፌበታለሁ እኮ! ነገሩ ለካ ይህ ነው፦ የውሃው ጉልበት የሚችለውን ያህል መርጫ ለይቶ፣ ለየክፍሉ የራሱን መክፈቻ ሰጥቶ፣ በተራ ማጠጣት። ፀሐይ የሚመታውን ረዘም አድርጎ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ያለውን አሳጥሮ።

«ሁለት ቀን ይስጡኝ» ብዬ እትዬ አስካለን ለመንኳቸው።

«ሦስትም ውሰጂ፤ ብቻ የልጄን ሠርግ እንዳታበላሺብኝ!»

እንደገና ቆፈርን፣ ቧንቧውን ቆርጠን ለሦስት ከፈልነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን መክፈቻ ሳዞር አራቱ መርጫዎች እያፏጩ ከራሴ በላይ ተነሡ! እትዬ አስካለ ነጠላቸው እየበሰበሰ እልልታውን አቀለጡት። ሙዳ ውሃው መሐል ገብቶ እንደ አገሩ ጭፈራ ሽቅብ ዘለለ። እኔ ስቄ አልጠግብ አልኩ። አባቴ ጫማውን ጭቃ እያስነካ መጣና «በቃ፣ ሱቁን ለእኅትሽ እሰጣለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጂንካ ውስጥ ያልቆፈርኩት ግቢ ጥቂት ነው። ሙዳ ዛሬ ሸምግሏል። በወይጦ ባለፍኩ ቁጥር ሾፎሮ የሚሉትን የቡና ገለባ መጠጥ በቅል ቀድቶ ያስቀምጠኝና ለመጣው ሰው ሁሉ «ይህችን ሥራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ይላል። ድሮ ይከነክነኝ ነበር፤ ዲፕሎማ አለኝ እኮ! አሁን ግን ከአፉ ነጥቄ እኔው አወራለታለሁ።