የወታደሩ ዓይኖች

ዛሬ መገናኛ ቀለም ልገዛ ሱቅ ስገባ፣ ሽታው ገርጂ ያደግኩበትን ቤት አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ አውራ ጣት የሚያክል የአሻንጉሊት ወታደር ቀብቼ፣ ቀለሙ ወፍሮብኝ ዓይኖቹ ተደፈኑ።

«ዕውር ይዘሽ ልትገጥሚኝ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉት ጎረቤታችን አባባ ግርማ ቀለሙን አቅጥነው ቀጭን ብሩሽ ሰጡኝ። «እኛ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን አዙረን በአንድ ዓይን ነው የምንሥለው። ይኼኛው የቱ ነው?»

«ለእኔ ደግ ነው፤ ለወንድሜ ግን ጠላቱ ነው።»

አባባ ሳቁ። «እንግዲያው ሁለቱንም ዓይን ሣዪለት። ወንድምሽንም ይየው።»

ትንፋሼን ይዤ ሣልኩለት። ስንጫወት ወንድሜ ወታደሬን ከጨዋታው ሊያስወጣ እጁን ዘረጋና ቆም አለ። «ኧረ ይኼ ልጅ አፈጠጠብኝ!»

ከዚያ ያስወጣው ይተወው አላስታውስም። ዛሬም ግን ዓይን የምሥለው ቀለሙን አቅጥኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው።