የመንገድ ዳሯ ክፍል

ሙኒራ አብዱልወሃብ ዓሣ ስትበልት እጇ ከዓይን ይፈጥናል፤ በሌላው ነገር ሁሉ ግን ቀርፋፋ ናት ይሏት ነበር። አንድ ነገር ሲጠይቋት መልሷ እስኪመጣ ሰው ይሰለቻል። የባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ሴቶች «የሙኒራ መልስ በእግሩ ነው የሚመጣው» እያሉ ይሥቁባታል። እሷ አትቆጣም። አባቷ በጣና ዳር ስመ ጥር ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ አንዱን ሳንቃ ከመቸንከራቸው በፊት ደጋግመው ሲለኩ እያየች ነው ያደገችው።

አባቷ ሲሞቱ ከወንድሞቿ ጋር ተካፍላ የደረሳት ከሐይቁ ከፍ ብሎ የአስፋልቱን መንገድ የሚያዋስን ቦታ ነበር። ባሏ ካሚል ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱ ቦታውን ሸጠው ለጀልባው ሞተር እንዲገዙ ፈለገ።

«ሞተር ካለኝ እኮ ማንም ያልደረሰበት ድረስ ሄጄ መረብ እጥላለሁ» አላት።

ሙኒራ እንደ ልማዷ መልሷን አሳደረችው። በማግስቱ መረቡን ሲጠግን አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ዓሣው በየዓመቱ እየራቀን ነው፤ ሰው ግን በየዓመቱ እየመጣ ነው። ከማክሰኝት ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከወለጋ ሳይቀር ለፋብሪካና ለቢሮ ሥራ ይመጣና ማደሪያ ያጣል። የሚከራይ ክፍል እንሥራበት» አለችው።

ካሚል ደስ አላለውም። ግን ሚስቱን ያውቃታል፤ አንድ ጊዜ ከተናገረች አስባበት ጨርሳለች ማለት ነው። እሺ አለ።

ጎረቤቶቿ «መጀመሪያ ሥሪው፤ ወረቀቱ ይደርሳል» ብለው መከሯት። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ ጥላዋን ይዛ ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰች። የቦታው ካርታ በእሷና በካሚል ስም እስኪወጣ፣ የግንባታ ፈቃዱም እስኪሰጣት ድረስ አንድ ብሎኬት አላስጣለችም። ሰዎች ሳቁባት። በበጋው አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ግን ከጎኗ ያለ ፈቃድ የወጣው አጥር ሲፈርስ የእሷን መሠረት የነካው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀነሰ።

ክፍሎቹን ከፍ እያለ ከሚሄደው የቦታው ጀርባ ጀምራ አንድ በአንድ ሠራች። ለየክፍሉ የራሱን የመብራት ቆጣሪ አስገባች፤ በአንድ ቆጣሪ ስንት ተከራይ እንደተጣላ በሰፈሩ አይታለች። ውኃ በወረፋ ስለሚመጣ ከፍ ባለ ማማ ላይ ሮቶ አስቀመጠች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ባዶ ክፍል ውስጥ ገብታ ቀና ብላ ጣሪያውን ትመለከታለች፤ አንድ ጠብታ ከወረደ ቆርቆሮ መቺውን ታስጠራለች እንጂ አታከራየውም።

ቢሆንም የመጀመሪያው ተከራይዋ አታለላት። በቃል ገብቶ በቃል ካደ፤ ሲሄድም የበሩን ጓንጉል ቁልፍ ነቅሎ ወሰደው። ኋላ የገቡት ባምላክና ሚስቱ ምሥጋና ናቸው መላ ያበጁላት። ባምላክ የፋብሪካ ቴክኒሻን ነው፤ ምሥጋና ደግሞ የኮሌጅ ጸሐፊ ናት፤ የአንበሳሜ ልጅ።

«እትዬ ሙኒራ፣ ውል በጽሑፍ ይሁን» አለቻት ምሥጋና ቤቱን አይታ ስትወድደው። «ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ነገ ተነሥተው ውጡ እንዳይሉን ለእኛም መከታ ነው።»

ሙኒራ አሰበችበት። ልክ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ምስክር ያልፈረመበት ውል ይዞ ወደ ግቢዋ የገባ ሰው የለም።

መጨረሻ ላይ የመንገድ ዳሯን ክፍል ሠራች። ሰፊ ናት፤ በሯ በአስፋልቱ በኩል ነው፤ ለሱቅ የምትሆን። ለዚች ክፍል የሰፈሩ ደላላ አካሉ፣ አዘዘ የሚባል ሰው ይዞላት መጣ። አዘዘ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለዘበ ጎልማሳ ነው። «የልብስ ስፌት ቤት ነው የምከፍተው፤ የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ» አላት። ውሉ ላይም እንደዚያው ተጻፈ፤ ክፍሉ ለልብስ ስፌት ብቻ፣ ያለ አከራይዋ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት ክልክል። ፈረመ።

ጥቂት ወር ቆይቶ የስፌት መኪናዎቹ በባጃጅ ተጭነው ሄዱ። በምትካቸው የቢራ ሳጥን መጣ። ቀጥሎ መሐሉ በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ ግማሹ ለአንድ ቁማር አጫዋች ተከራየ። ሙዚቃው ግድግዳ ያነቃንቃል። ሰካራም በግቢው አጥር ሥር ይሸናል። ካሚል ለሱብሂ ሶላት ሲወጣ በር ላይ የወደቀ ሰው ተሻግሮ ይሄዳል። አንድ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት «እትዬ ሙኒራ፣ እርስዎን ጠልተን አይደለም» ብለው ዕቃቸውን ጫኑ። ሙኒራ እስከ መንገዱ ሸኝታቸው ተመለሰች።

አዘዘን አነጋገረችው።

«ኪራዬን በየወሩ በባንክ አስገባለሁ። አንድ ቀን አሳልፌ አውቃለሁ?» አላት።

«አታውቅም። ግን ለስፌት ነበር ያልኸኝ።»

«ዘመኑ ተለወጠ፣ ሥራውም ተለወጠ። ካልተመችዎት…» አለና ፈገግ ብሎ በሩ ላይ ወደ ተንጠለጠለው ቁልፍ አመለከተ፤ «ይስበሩት። ቤቱ የእርስዎ አይደል?»

ሙኒራ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ያ ፈገግታ ግን አልወጣላት አለ። ሰው ሁሉ ይመክራታል፤ አንዱ መብራቱን ቁረጪበት፣ ሌላው ዕቃውን አውጥተሽ መንገድ ላይ ጣዪው ይላል። ቤቱን የሚፈልግ ሰው ራሱ ስበሪው ይላል? ይህ ነገር አላማራትም። ምሥጋና በኮሌጁ በኩል አጠያይቃ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥ ቢሮ ወሰደቻት። እዚያ ጥዑመ ልሳን የሚባል ወጣት ጠበቃ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበና ቀና አለ።

«ጥሩ ውል ነው፤ ያሸንፍልዎታል» አላት። «ብቻ አደራዎን፣ ቁልፍ እንዳይሰብሩ። መብራትም ውኃም እንዳይቆርጡ። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም ውሉ እስኪፈርስ ድረስ ይዞታው የእሱ ነው። በጉልበት ካስወጡት ‹ሁከት ይወገድልኝ› ብሎ ይከስዎትና ተመልሶ ይገባል። ጠፋብኝ የሚለውን ዕቃ ሁሉ ደግሞ ከእርስዎ ይጠይቃል።»

ሙኒራ የዚያ ፈገግታ ምንጩ ያን ጊዜ ገባት።

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አዘጋጅተው በምስክር ፊት ሰጡት። አዘዘ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። የሰፈር ሽማግሌዎች ሄደው ቢለምኑትም ቢራ ጋብዟቸው መለሳቸው። ይህን የሰማ ካሚል ነው የተቃጠለው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ፣ ከክፍሉ ትውኪያ ያለበት ወንበር መስጊድ በሚወስደው መንገድ ላይ ተጥሎ አገኘ። ግቢ ገባና ዲጂኖ ይዞ ወጣ።

ሙኒራ ዓሣ ስትበልት ነበር። ጩኸት ሰምታ እጇን ሳትታጠብ ሮጠች። ካሚል ዲጂኖውን አንሥቶ ወደ ተቆለፈው በር ሲጠጋ አለፈችውና ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ዞር በይ!»

«አልዞርም።»

«የገዛ ቤታችን ነው ሙኒራ! አንቺ የማንን በር ነው የምትጠብቂው?»

«የራሴን። ወላሂ፣ ከሰበርኸው በገዛ እጅህ ለሱ ሰጠኸው። እስኪ ዞር በል። ማዶ ስልክ ደግኖ የቆመውን ታየዋለህ?»

ካሚል ዞረ። ከአስፋልቱ ማዶ ካለ ዘንባባ ሥር አዘዘ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ እየቀረጸ ነበር። መንገደኛው ቆሟል፤ ባጃጆች ቆመዋል። ካሚል ዲጂኖውን አወረደ። ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎት ወደ ግቢ ተመለሰ። ሙኒራ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከማዶ የነበረው ሰው ስልኩን ኪሱ ሲከት አየችው። ፈገግ አላለም።

ክሱ ተከፈተ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ክረምት ገባ። ሙኒራ አንድ ቀን ምሥጋናን ጠርታ፣ «ልጄ፣ እናንተም ተቸገራችሁ። ብትሄዱ አልቀየምም» አለቻት።

«ከሄድንማ ማን ሊመሰክር ነው?» አለች ምሥጋና፣ እንደ መቆጣት ብላ። ባምላክም በዚያው ሰሞን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ በግቢውና በመንገድ ዳሯ ክፍል መሐል ያለውን አጥር አጠናከረላት።

የምስክር ቀን አዘዘ የተተኮሰ ልብስ ለብሶ ችሎት ቀረበ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሥራውን ስለውጥ ወይዘሮዋ በቃል ፈቅደውልኛል። ያገናኘን ደላላ ሰምቷል፤ ምስክሬ ነው» አለ።

ሙኒራ ወደ ጥዑመ ልሳን ዞረች። አካሉ ከአዘዘ ጋር ሲበላ ሲጠጣ ነው የከረመው። ደላላው ተጠርቶ ገባ፤ ቆቡን አውልቆ ማለ።

«ወይዘሮ ሙኒራ ቤቱን መጠጥ ቤት እንዲያደርገው ሲፈቅዱ ሰምተሃል?» አሉት ዳኛዋ።

አካሉ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። «እኔ ያገናኘኋቸው ለስፌት ነው። መጠጥ የሚባል ነገር ሲነሣ አልሰማሁም። ሰምቻለሁ በል ያለኝ አቶ አዘዘ ነው።»

በችሎቱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። አዘዘ ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል ፖሊሱ በእጁ ተቀመጥ አለው።

«ታዲያ ምስክርነቱን ለምን ተቀበልህ?» አሉ ዳኛዋ።

«ፊት ለፊት እምቢ ማለት ፈርቼ ነው፤ ክብርት ዳኛ። ግን እኔ በአፌ ነው የማድረው። አፌ ከተበላሸ በዚህ ከተማ ቁልፉን ማን ያምነኛል?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ውሳኔው ተነበበ። ቃሉ ረጅም ነው፤ ሙኒራ ግማሹ አልገባትም። «ውሉ ፈርሷል… ተከሳሽ ቤቱን ለከሳሽ ያስረክብ» የሚለው ላይ ጥዑመ ልሳን ወደ እሷ ዞሮ ዓይኑ በራ።

«ፈረዱልኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ፈረዱልዎት እትዬ!»

ሙኒራ ከችሎት እስክትወጣ ድረስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ባለጉዳይ ሁሉ በተኮለኮለበት፣ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰባራ እልልታ አልነበረም። ምሥጋና ተቀበለቻት፤ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶችም ተቀበሏት። ካሚል በአደባባይ ሚስቱን አቅፎ አያውቅም፤ ያን ቀን አቀፋት። «ዲጂኖዬን ባትከለክይኝ ኖሮ ዛሬ እዚያ የተከሳሽ ቦታ የምቆመው እኔ ነበርሁ» አላት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳቀች።

አዘዘ የአፈጻጸም ትእዛዝ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ቁማር አጫዋቹን አስወጥቶ፣ ሳጥኖቹን ጭኖ፣ ቁልፉን ለአካሉ ሰጥቶ ሄደ። የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ክፍሏን አጠበ። ባምላክ ኮምፔንሳቶውን ነቀለ፤ ካሚል ኖራ ቀባ። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ውኃው በደጃፉ ወደ ሐይቁ ወረደ። ለቅቀው የሄዱት ባልና ሚስት ወሬውን ሰምተው «ክፍላችን ተይዟል ወይ?» ብለው ደወሉ፤ አልተያዘም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙኒራ ስሟ ከሐይቁ ዳር አልፎ ወጣ። ከሽምብጥ፣ ከዓባይ ማዶ ቤት የሚያከራዩ ሴቶች ውላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጡባታል። ዓሣዋን እየበለተች ታዳምጣቸዋለች፤ የማታውቀውን «ይኼን ጥዑመ ልሳን ነው የሚያውቀው» ብላ ይዛቸው ትሄዳለች። ለቁጡዎቹ ሁሉ የምትለው ግን አንድ ነው፤ «ቁልፉን አትንኪ።»

ለመንገድ ዳሯ ክፍል ብዙ ሰው መጣ። ሙኒራ አልቸኮለችም። መጨረሻ ላይ ፀሐይወርቅ የምትባል፣ መሸንቲ ላይ ዳቦ ስትጋግር የኖረች ሴት መጣች። ዳቦ ቤት መክፈት ፈልጋ ነው። ሙኒራ መጋገሪያው የሚስበውን መብራት መስመሩ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ ባምላክን አሳየች፤ አይችልም አለ። ሁለቱ ሴቶች አብረው መብራት ኃይል ተመላልሰው ጠንካራ መስመር አስገቡ፤ ወጪውን እንዴት እንደሚካፈሉም ውሉ ላይ አሰፈሩት።

ለመፈራረም ሲቀመጡ ፀሐይወርቅ መነጽሯን አድርጋ ውሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዱ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው? ‹አከራይ በማንኛውም ሰዓት ገብታ ማየት ትችላለች› ይላል።»

«አዘዘ አስተምሮኝ ነው» አለች ሙኒራ።

«እኔ አዘዘ አይደለሁም። ገንዘቤን ከፍዬ በተከራየሁት ቤት ሳያንኳኩማ አይገቡብኝም። ቀድመው ነግረውኝ፣ በቀን፣ እኔ ባለሁበት ይግቡ።»

ባምላክና ምሥጋና ለምስክርነት ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ ተያዩ። ሙኒራ አሰበችበት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከምሥጋና እጅ ወስዳ አንቀጹን ሠረዘችው።

«ልክ ነሽ» አለች። «አንቺ ያልሽው ይጻፍ።»

ተጻፈ፤ ሁሉም ፈረሙ። በሳምንቱ ንጋት ላይ የመንገድ ዳሯ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ፋብሪካ ገቢዎች፣ መምህራን፣ ከሐይቅ የተመለሱ ዓሣ አጥማጆች እስከ ዘንባባው ድረስ ተሰልፈዋል። ሙኒራ መጣችና በሩን አንኳኳች። ፀሐይወርቅ ከውስጥ «ይግቡ!» አለቻት፤ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈቻት።