በኪሴ ያደረ መርዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሦስት የንስሐ አባቶች ቀብሬያለሁ፤ ለሦስቱም ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ መጠጥ ማብዛቴን ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን እያለፍኳት ኖርኩ። እናንተ አታውቁኝም፤ የምነግራችሁም ለዚሁ ነው። ብታውቁኝ ኖሮ ዛሬም አልደፍርም ነበር።

ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እኔና ደጀኔ ካይሮ ውስጥ ተማሪዎች ነበርን። ያደግነው አንድ ሰፈር ነው፤ ከኡራኤል ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ቦታ ላይ። ያን ጊዜ ይህ ስም ገና አልወጣለትም። የደጀኔን እናት እትዬ አሰገደችን እናቴ ብል አልዋሸሁም። የወለደችኝ እናቴ በልጅነቴ ሞታ፣ እሳቸው ናቸው ከልጃቸው እኩል አጉርሰው ያሳደጉኝ። እንግዲህ የበደልኩት ማንን እንደሆነ ከወዲሁ እወቁት።

በወረራው በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ የመናዊ ነጋዴ በጅቡቲ በኩል ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ላዩ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። እትዬ አሰገደች ለጎረቤት ቄስ እየነገሩ ያስጻፉት ነበር። የደጀኔን አባት ጣሊያኖች በየካቲቱ ግፍ ከገዛ ደጃቸው ላይ ገድለዋቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ፦ «ልጄን አደራ። ብቻውን እንዳይሰማ። ያገርህን ሰዎች ሰብስበህ፣ በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ አርዳልኝ። ማልቀሱን ስሰማ እኔም ይወጣልኛል።»

የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። መርዶ ለባለቤቱ አይጻፍም፤ ለወዳጅ ነው የሚጻፈው። ወዳጅ ደግሞ መርዶ ይዞ ከባለቤቱ ጋር አይስቅም፣ አይበላም። ይህን እኔም አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ እንዳላመልጥ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዓርብ በማለዳ ደግሞ እኔና ደጀኔ ወደ እስክንድርያ ልንሄድ፣ ከባሕሩ ዳር ሦስት ቀን ልናሳልፍ፣ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝተን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስናወራ የከረምነው ስለዚሁ ነው። ባሕር ያየነው ስንመጣ ከመርከብ ላይ ሆነን ነው እንጂ እግራችንን ነክረን አናውቅም። ደብዳቤውን አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ቀን ምን አላት አልኩ። ሰውየው እንደሆነ ተቀብሯል፤ አርባውም አልፏል። ሰው ለፈተና ሲባል መርዶ ያቆይ የለ? አዎ፣ ለፈተና ይቆያል። እኔ ግን ያቆየሁት ለፈተና አልነበረም። ለመዋኘት ነው!

ይህም ብቻ አይደለም። ነጋዴው በዚያው ማታ ተመላሽ ነበርና «ሴትዮዋ መልስ ይዘህ ና ብለውኛል» አለኝ። ተቀመጥኩና ጻፍኩ፦ «እትዬ፣ ዛሬ ሐሙስ በማለዳ አረዳነው። አምርሮ አለቀሰ። ያገሩ ልጅ ሁሉ ከቦታል፤ አይዞዎት።» ቀኑን ሳይቀር ጻፍኩበት። ሰኞ ስመለስ የማደርገውን አስቀድሜ መጻፌ ነው እንጂ ውሸት አይደለም እያልኩ። ደጀኔ በዚያች ሰዓት ከጎኔ ባለው ክፍል ሸሚዙን እያጠበ ያፏጫል።

እስክንድርያ እንዴት ያለ አገር ነበር! ደጀኔ ውሃው ሲነካው እንደ ሕፃን ጮኸ። «አንተ፣ ጨው ነው እኮ! እውነትም ጨው ነው!» ይላል፤ እየዘገነ ይቀምሳል፣ ይረጨኛል። እኔም ስቄያለሁ። ኮቴ አሸዋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ደብዳቤው ውስጡ አለ። የአባቱን ሞት ኮቴ ውስጥ አድርጌ ከልጁ ጋር ውሃ ተራጨሁ። እንዴት አስቻለኝ? አስቻለኝ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ሰኞ ተመለስን። ማክሰኞ በማለዳ ሁለት ያገራችን ሰዎች ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ሦስት ሆነን ስንቆም ሲያይ ገባው፤ «ማን ነው? እማዬ ናት?» አለ። አረዳነው። መሬት ላይ ወደቀ። ሲበርድለት ቀና ብሎ «መቼ ደረሰህ?» አለኝ። «ትናንት ማታ» አልኩት።

«እኔ ስስቅ ነው የሰነበትኩት!» ብሎ ፊቱን ነጨ። «ወይኔ፣ ያን ፎቶግራፍ ባልላክሁት!»

የምን ፎቶግራፍ? ክው አልኩ። ለካ እኔ ምሳ ልገዛ ስሄድ ባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ «እማዬ ታየኝ» ብሎ ከዚያው ከእስክንድርያ በፖስታ ልኮላቸዋል። በመዋኛ ልብስ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ከጀርባው ቀኑን ጽፎ። ሐሙስ አለቀሰ ብዬ የጻፍኩት ሰው ቅዳሜ ባሕር ውስጥ ሲስቅ!

ያን ዕለት አንዲት ደብዳቤ ብጽፍ ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበር። «እትዬ፣ ዋሽቻለሁ» ማለት ብቻ። አልጻፍኩም። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ደጀኔም ከእናቱ መልስ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ቀረበት።

ሁለት ዓመት ገደማ አልፎ፣ ገጠር የሚኖረው አባቴ ታሞ በጅቡቲ በኩል ወደ አገሬ ገባሁ። ሰፈራችን ስደርስ ሰፈራችን የለም። ጣሊያን ነዋሪውን አስነሥቶ ለሠራተኞቹ ቤት ይሠራበታል። እነእትዬ አሰገደች ግቢ ውስጥ ጥርብ ድንጋይ ተቆልሏል፤ ግንበኞቹ ይጯጯኻሉ። «ወደ ቂርቆስ ወርደዋል» አሉኝ። ቂርቆስ አንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ አገኘኋቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ፀጉራቸው ዳግመኛ ተላጭቷል።

አቅፈው አለቀሱብኝ። ከዚያ በሩን ዘጉና ከትራሳቸው ውስጥ ፎቶግራፉንና አራት ደብዳቤ አወጡ። ደብዳቤዎቹ አልተከፈቱም። ደጀኔ በነጋዴ እጅ የላካቸው ናቸው።

«ቄሱን እንዳላስነብብ ጆሮ ጠቢው በዛ፤ ከስደተኛ ደብዳቤ ትቀበላለች ብሎ ያስፈጀኛል» አሉኝ። «ደግሞም ቄሱ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ቀን ሲያነቡልኝ አፈርኩ። ልጄ የአባቱን መርዶ ሰምቶ፣ በሦስተኛው ቀን ራቁቱን ሲስቅ የተነሣውን ከሳቸው ወዲያ ለማን አሳያለሁ? አንተ ባትጽፍልኝ ኖሮ አልሰማም ብዬ እጽናና ነበር። ለሱም እርሜን አውጥቻለሁ። ግን የእናት ሆድ ነው፤ አንብብልኝ። ምክንያት ካለው ልስማው።»

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። የደጀኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሰላምታውን አነበብኩ። ከሰላምታው ሥር እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ መርዶዬን የሰማሁት ከባሕር በተመለስን ማግስት ነው። ያን ፎቶግራፍ ስነሣ አባባ በሕይወት ያለ መስሎኝ ነበር። በአምላክ ይቅር በይኝ።»

እትዬ አሰገደች አፍ አፌን ያያሉ። እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነው። እኔ ያን መሥመር ተውኩት። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ብርዱ ያለውን አንብቤ «ልጅሽ ደጀኔ» ብዬ ጨረስኩ።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«ስለ ፎቶው አላነሣም?»

«አላነሣም።»

ይህን ያለው የእኔ አፍ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ ያው ልመና። አራቱንም ጊዜ ዘለልኩት። አንዴ ቢሆን ደንግጬ ነው እላለሁ፤ አራት ጊዜ ሰው ይደነግጣል? ሴትዮዋ ልጃቸውን ይቅር ለማለት አንዲት ቃል ፈልገው ተቀምጠዋል፤ ቃሏ በእጄ ላይ አለች፤ እኔ ደግሞ አደራ በላ እንዳልባል፣ በእኒያ ዓይኖች ፊት ውሸታም እንዳልሆን ብዬ ልጃቸውን ሸጥኩት።

ደብዳቤዎቹን ከእጄ ተቀብለው አንድ በአንድ ምድጃው ውስጥ ከተቱ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ገላገልከኝ» አሉኝ። መረቁኝም። የዚያ ምርቃት ነገር እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ጣሊያን ሳይወጣ ሞቱ፤ ቂርቆስ ተቀበሩ። ደጀኔ ነፃነት ሲመለስ በሱዳን በኩል ገባ። እትዬ ምስጢራቸውን ያካፈሏት ጎረቤት ያወቀ መስሏት ሁሉንም ነገረችው፦ እናትህ ቆመህ ሳለህ እርምህን አውጥታ ነው የሞተችው። ከዚያው እኔ ዘንድ መጣ።

«ደብዳቤዎቼን ያነበብክላት አንተ ነህ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው አለማወቄን እያወቀች ነዋ የጨከነችብኝ» አለ።

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። ከፊቴ ተቀምጦ ነበር እኮ! ትከሻውን ይዤ «አይዞህ» አልኩት።

ደጀኔ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረ፤ አገባ፣ ወለደ። የእናቱን ስም አንድ ቀን አላነሣም፤ ቂርቆስ ደጅ አልረገጠም። ሲሞት ለሚስቱ የተናዘዘው አንድ ነገር ነው፦ «ከእናቴ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ፤ አትወደኝም።» ኡራኤል ቀበርነው። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ወንድሙን አጣ» እያለ እኔን ደግፎ ያጽናናኝ ነበር።

ልጅ ነበርኩ አልላችሁም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልላችሁም፤ ጣሊያን አባቱን ገደለ፣ እናቱን የወሰድኩበት ግን እኔ ነኝ። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ቂርቆስ ናት፣ አንዱ ኡራኤል ነው፤ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።