የጆቬሊን የሥራ ልምድ

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ኢሎይሎ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሰው ፋይል ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ደብቄውም አላውቅ። ነርሶቹ ፊት ለፊት "ማናንግ ፐርላ" ይሉኛል፤ እንደ ታላቅ እህታቸው ቆጥረውኝ ነው። ዞር ስል ደግሞ "ዛሬም በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው" ይባባላሉ። ይበሉ። የማወራው ስለ ጆቬሊን ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም። እሷን ባሰብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ግን የራሴው ነገር ነው።

ጆቬሊን ማዶ ካለችው ደሴት፣ ከጊማራስ፣ በጀልባ እየተመላለሰች ነበር የምትሠራው። የመንግሥትን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ያለፈች ጊዜ ጎረቤቶቿ አዋጥተው ፎቶዋን በትልቅ ሸራ ላይ አሳትመው ወደቡ ላይ ሰቀሉላት፤ "እንኳን ደስ ያለሽ የኛ ነርስ" የሚል። አባቷ እሷን ለማስተማር የገዛ ጀልባውን ሸጦ የሰው ጀልባ ነጂ ሆኗል። እንግዲህ ልጅቱ ውጭ ሄዳ ሠርታ ለአባቷ ጀልባ ልትገዛለት፣ ሁለት ታናናሾቿንም ልታስተምር ነው ነገሩ። እኛ አገር ነርስነት የሚማር ሰው እዚህ ልሥራ ብሎ አይማርም። እዚህ የሚቀረው ያልቀናው ነው።

የውጭዎቹ ደግሞ ትናንት የተመረቀ ነርስ አይፈልጉም። ሁለት ዓመት በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሠራ አምጡ ይላሉ። የኛ ሆስፒታሎች ይህንን አሳምረው ያውቃሉ፤ ታዲያ ለምን ብለው ደመወዝ ይከፍላሉ? "በጎ ፈቃደኛ" ብለው ያስገቡሻል፤ በነጻ ትለፊያለሽ፤ አመስጋኟም አንቺው ነሽ። ቅጹ የሚሰጠው በኔ መስኮት ነው። ለጆቬሊንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።

"የት ጋ ነው የምፈርመው፣ ማናንግ?"

"መጀመሪያ አንብቢው እንጂ! ዓይን የለሽም?"

"ሁሉም የሚፈርመው አይደል እንዴ?" ብላ እየሳቀች ፈረመች።

አዎ፣ ሁሉም የሚፈርመው ነበር። እኔም ውስጡ ያለውን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ አልጋ አለ። ደመወዝ የምታገኝ ተረኛ ነርስ አንዲት ብቻ ናት፤ ሊሴት ትባላለች። የቀሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጆቬሊን መርፌ ትወጋለች፣ ግሉኮስ ትሰካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሰው ሲሞት ትገንዛለች። የሠራችውን ሁሉ በበሽተኛው ፋይል ላይ በገዛ እጇ ትጽፋለች። በጎ ፈቃደኛ መፈረም ስለማይፈቀድለት ግን ተራው ሲያልቅ ሊሴት ፋይሎቹን ትደረድርና ሠላሳውንም ባንድ ትንፋሽ ትፈርማለች። ሊሴት ክፉ ሰው አይደለችም። ስትገባ ያገኘችው አሠራር ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከበሩ ፊት ለፊት ካለችው ቤት ባቾይ፣ ያንን የሚያቃጥል የኑድል ሾርባ፣ አብረን ስንበላ እነተርካት ነበር።

"አንቺ ትለፊያለሽ፣ ሊሴት ትፈርማለች። ሞኝ!"

"ፊርማ ምን ያደርግልኛል፣ ማናንግ? እጄ እየተፍታታ ነው። ትናንት የሦስት ቀን ሕፃን ደም ሥር ባንዴ አገኘሁ! ሊሴት እንኳ ሁለቴ ስታው ነበር።"

"ታዲያ የውጭ አገር ሰዎች ሲጠይቁሽ ሕፃኑን ምስክር ትጠሪያለሽ?"

ስትስቅ ሾርባው ትን አላት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ያኔ እየቀለድኩ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረች ሲባል አልሰማሁም። አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ጀልባ ሊታገድ ሲል እንኳ ቀድማ ተሻግራ እኔ ቤት ትሰነብት ነበር። ሁለት ዓመቷን በደፈነች በወሩ አየርላንድ ያለ አንድ ሆስፒታል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረገላትና ተቀበላት። ማንጎ በዘንቢል ይዛ እየበረረች መስኮቴ ላይ ደረሰች።

"ማናንግ፣ ወሰዱኝ! የሥራ ልምድ ማስረጃ ብቻ ነው የቀረኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ላኪ ብለውኛል።"

ፋይሏን አወጣሁ። ውስጡ ያለው ያ የፈረመችው ቅጽ ብቻ ነው። "በጎ ፈቃደኛ ሠልጣኝ" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "በሽተኛ አታክምም፤ ሥራ ትመለከታለች" ይላል። ውጭ የሚልካት ኤጀንሲ ጋ ደወልን። "ሠልጣኝ ከሆነች አይቆጠርላትም። በነርስነት መሥራቷን የሚገልጽ፣ የነርሶቹ አለቃ የፈረመችበት ደብዳቤ ካልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" አሉን። የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ።

"አይዞሽ" አልኳት። "የሠላሳ አልጋ ፋይል እኔ እጅ ነው ያለው። የት አባታቸው ይገባሉ!"

ሦስት ቀን መሰላል ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። የጆቬሊንን ጽሕፈት ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ክብ ክብ ያለ፣ የተማሪ ቤት ጽሕፈት ነው። የዚያን ሕፃን ፋይል ሳይቀር አገኘሁት። "ደም ሥሩ በአንድ ሙከራ ተገኝቷል፤ ሕፃኑ ተረጋግቷል" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ያለው የሊሴት ስምና ፊርማ ነው። ሌላ ገለጥኩ፤ ሊሴት። ሌላ፤ አሁንም ሊሴት። በመቶ የሚቆጠር ፋይል አይቼ በአንዱ ላይ እንኳ የጆቬሊንን ስም አጣሁት። እነዚያን ፋይሎች ሁለት ዓመት ሙሉ እየተቀበልኩ የደረደርኩት እኔው ነኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ተነስቼ ጆቬሊንን አስከትዬ የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮን ሃላንዶኒ ጋ ገባሁ።

"ማዳም፣ ይህች ልጅ ሦስተኛ ፎቅን ሁለት ዓመት ተሸክማ ኖራለች። እርስዎም ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ፣ ፐርላ። ጎበዝ ልጅ ናት።"

"እንግዲያው ይጻፉላት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ምን ብዬ? በጎ ፈቃደኛ መርፌ ስትወጋ ነበር ብዬ በፊርማዬ ልመስክር? ጤና ቢሮ ይህን ወረቀት ቢያገኝ ሆስፒታሉን ያሽገዋል። ሊሴትም ፈቃዷን ትነጠቃለች። ያልሠራችውን ስትፈርም ኖራ የለ!"

"እርስዎ አይደሉም እንዴ ሥሪ ያሉኝ፣ ማዳም?" አለች ጆቬሊን።

"እንድትማሪ ነው የፈቀድኩልሽ፣ ልጄ። ሠልጣኝ ነበረች ይበሉልኝ ካልሽኝ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ።"

"እሱማ አይቆጠርልኝም።"

"ታዲያ ምን ላድርግሽ?"

አፌ ላይ የመጣውን ብለቀው ኖሮ በዚያው እባረር ነበር። ዋጥኩት። ለካ ያ ሁሉ ቁጣዬ ለምስኪን ነርሶች ብቻ ኖሯል!

ዘጠነኛው ቀን ላይ ጆቬሊን ብቻዋን መጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"ማናንግ፣ ማኅተሙ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።"

ምን ልትለኝ እንደሆነ ገባኝ።

"እርስዎ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ናት። ውሸትም አይደል። ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም?"

"ሠርተሻል።"

"ታዲያ?"

"የሜትሮኗን ፊርማ አስመስዬ? ደውለው ቢያጣሩስ? የኔ ልጅ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ባሌ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ተኝቷል። ብባረር ምን ይውጠናል?"

አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እሺ፣ ማናንግ" ብላ ወጣች። ባሌን ያነሳሁት ለሰበብ ነው፤ እውነቱ ፈራሁ። በነጋታው አሥሩ ቀን አለቀና ቦታዋን ለሌላ ሰጡት።

በሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በእሷ ቦታ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ገባች። ጆቬሊን ከተማው ውስጥ ያለ ሆስፒታል አንኳኩታ ጨረሰች። "ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት አልፎሻል፤ የት ነበርሽ?" ይሏታል። ስትነግራቸው ማስረጃ አምጪ ይላሉ። አንደኛው ጋማ "ከፈለግሽ በበጎ ፈቃደኝነት ጀምሪ" አሏት። ስትነግረኝ ልትስቅ ሞከረች፤ እንቢ አላት።

ከስምንት ወር በኋላ መስኮቴ ላይ ቆማ አየኋት። ከስታ አንገቷ ቀጥኗል።

"ልሄድ ነው፣ ማናንግ። ኩዌት።"

"እሰይ! እልል! የትኛው ሆስፒታል?"

"ሰው ቤት ነው። በቤት ሠራተኝነት።"

የያዝኩትን ፋይል አስቀመጥኩ።

"የቤት ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ ነርስ አልፈልግም ይላል" አለች ዓይኗን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተክላ። "ነርስ የሆነች እዚያ ስትደርስ ቤቱን ጥላ ሆስፒታል ትገባለች ብለው ይሰጋሉ። መማሬን ደርሰውበታል። ሆስፒታል ሠርተሽ እንደማታውቂ አጽፈሽ ካመጣሽ ግን እንወስድሻለን አሉኝ።"

"እኔ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ልጽፍ? እጄ ይቆረጥ! ሂጂ ወዲያ!" ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"አባቴ ወገቡን ታሟል፣ ማናንግ። የሰው ጀልባውንም መንዳት አቅቶታል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። እባክዎን አይቆጡኝ።"

ጻፍኩት። "ጆቬሊን ጋልቬስ በዚህ ሆስፒታል በነርስነት አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም።" ሁለት መስመር አልሞላም። ይዤው ገባሁ። ሜትሮን ሃላንዶኒ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ "ልክ ነው፣ መዝገባችንም የሚለው ይህንኑ ነው" ብላ ፈረመችበት። መነጽሯንም አላወለቀች። ማኅተሙን ከመሳቢያዬ አውጥቼ እኔው መታሁበት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ጆቬሊን ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማውን አየች፣ ማኅተሙን አየች። ከዚያ ቀና ብላ "አመሰግናለሁ፣ ማናንግ። ብዙ ነው ያደረጉልኝ" አለችኝ። ከልቧ ነበር የምታመሰግነኝ።