የጽዋው ተራ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ በራችን ላይ ሌላ ቁልፍ አስገጠመች። በሩ እንደሆነ ብረት ነው፤ የነበረው ቁልፍ ራሱ እኔን ለመሰለች አሮጊት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሌባ በዝቶበታል አለችኝ። ይብዛ! እኔ ሠራተኛው ብረቱን ሲበሳ ቁጭ ብዬ ሳየው የታየኝ ሌላ በር ነው። አባቴ በገዛ እጁ የሠራው፣ ከወይራ የተጠረበ መወርወሪያ የነበረው፣ እዚሁ ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የነበረው የቤታችን በር። ያንን በር የሚያስታውስ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ሙላቱ ይባላል፤ አናጢ ነበር። ልጅ እያለሁ አጥራችን ጥግ በጣላት ዳስ ሥር እንጨት ሲልግ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እውል ነበር። የጥድ ፍቅፋቂ ፀጉሬ ውስጥ ይገባና እናቴ ማታ ስታበጥረኝ ትነጫነጫለች። ዛሬም ጥድ ሲሸተኝ አባቴ የመጣ ይመስለኛል። የሰፈሩ በር ሁሉ ማለት ይቻላል የሱ እጅ ሥራ ነበር። በሠራው በር ይኮራል፤ የኛን መወርወሪያ ደግሞ በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ ይሄን በሬም አይሰብረው ይል ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ሰንጋ ተራ ከብት የሚነግዱ፣ ግዙፍ፣ ገና ከመንገድ ድምፃቸው የሚሰማ ሰው። ከገበያ ሲመለሱ የተቆላ ሽምብራ በኪሳቸው ሞልተው ይመጡና ቅልሞሽ የምንጫወትበት ጠጠር መሃል ይበትኑብናል። እኛ ጨዋታችን ተበላሸ ብለን እንነጫነጫለን፣ ወዲያው ደግሞ ሽምብራውን ከጠጠሩ እየለየን እንበላለን። አባቴ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። ጉርብትና ብቻም አይደለም፣ የልደታ ጽዋ ማኅበርተኞች ነበሩ።

የጽዋን ነገር ለእናንተ ለእኩዮቼ ማስረዳት አያሻም። ይሄን የሚያነብ ልጅ ካለ ግን ይስማ፦ ማኅበርተኞቹ በየወሩ በልደታ ቀን በየተራ ቤታቸው ይደግሳሉ፣ ሁሉም ከአንድ ጽዋ ይጠጣል፣ ድግሱ ሲያበቃ ያቺ በጨርቅ የተሸፈነች የሸክላ ጽዋ ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ ቤት ትሄዳለች። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። ጣሊያን ከገባም በኋላ ማኅበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጥሎ ነበር። በዚያ የካቲት ጽዋዋ እኛ ቤት ነበረች። የመጋቢቱ ድግስ የኛ ነው፤ ከኛ ቀጥሎ ተረኛው ጋሽ ተሰማ ናቸው።

የዚያን የካቲት ነገር መዘርዘር አልወድም። ያየነው እናውቀዋለን። ከቀትር በኋላ ተኩስ ሰማን፣ ከዚያ ጭሱ መጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የሣር ቤቱን ሰው ውስጡ እንዳለ እያቃጠሉ፣ የሸሸውን መንገድ ላይ ይገድሉት ነበር። አባቴ በሩን ዘግቶ መወርወሪያውን ወረወረ። እናቴ እኔን አልጋ ሥር ከትታ፣ ሕፃኑን ወንድሜን ጡት አጉርሳ ጥግ ተቀመጠች። እኔ አንገቴን አውጥቼ አባቴን አየዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ሥር ቆሟል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተመታ። «ቤቶች!» አለ ድምፁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የወትሮው የጋሽ ተሰማ ድምፅ ነው፤ እኔ ልጅቷ እንኳ አውቄዋለሁ። «ሙላቱ፣ እኔ ነኝ። ስለ ልደታ ክፈትልኝ።»

የአባቴ እጅ መወርወሪያው ላይ ነበር። ዞሮ እናቴን አያት። እናቴ እንዳትከፍት ብላ ራሷን ወዘወዘች። ወንድሜ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት በመዳፏ አፈነችው። ጋሽ ተሰማ አንዴ ደግመው ተጣሩ። ከዚያ የጫማ ኮቴ መጣ። ከዚያ በኋላ የሰማነውን እኔም አልናገርም፣ አባቴም እስኪሞት አልተናገረውም። እጁ ግን ከመወርወሪያው ላይ አልተነሳም ነበር።

ነገሩ ሲያባራ ከደጃፋችን ላይ አነሳናቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ከአባቴ ጋር ሆና ያለ ለቅሶ ቀበረቻቸው፤ ያን ጊዜ ማልቀስም ያስገድል ነበር። እትዬ ዘነበች ባሏ የት እንደወደቀ አይታለች። በሩን አየች፣ አባቴን አየች፣ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ከዚያም ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘን ሰላምታዋን አላቋረጠችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አባቴን የፈጀው ያ ሰላምታ ነው።

መወርወሪያውን በማግሥቱ ነቀለው። ጠላት በከተማው እየተንጎራደደ ቤታችን ያለ መዝጊያ ማደር ጀመረ። እናቴ በሩን ድንጋይ ታስደግፋለች፣ እሱ ያነሳዋል። በር መሥራትም ተወ፤ በር ሥራልኝ ላለው ሁሉ መልሱ አግዳሚ ወንበር ልሥራልህ ነው። የባሰው ግን ቤተ ክርስቲያን መግባት ማቆሙ ነበር። እሁድ አብሮን ይሄዳል፤ የልደታ ቅጽር በር ላይ ስንደርስ እኛን ያስገባና እሱ ከውጭ ግንቡን ተደግፎ ይቆማል። ዝናብ ቢመጣም ከዚያ አይነቃነቅም። የመጋቢቱ ድግስ ቀረ። ማኅበርተኛው የሞተው ሞቶ የቀረው ተበትኗል፤ ጽዋዋ በጨርቋ እንደተሸፈነች መደርደሪያችን ላይ ተቀመጠች።

እናቴና አባቴ ሲጨቃጨቁ የምሰማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኃጢአቱ የማን ነው በሚለው። እናቴ ራሴን የወዘወዝኩት እኔ ነኝ፣ የከለከልኩህ እኔ ነኝ ትለዋለች። እሱ እጁ የኔ ነበር ይላታል። ሰው ርስት ሲሻማ ብዙ አይቻለሁ። ኃጢአት ሲሻማ ያየሁት እነሱን ብቻ ነው።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ንስሐውን ተቀብለው ቀኖና ሰጡት፤ ጾምና ስግደት። ጉልበቱ እስኪላጥ ሰገደና ጨረሰው። አባ ፈቱት። እሱ ግን አሁንም ከግንቡ ውጭ ነው፤ እንዲያውም ቀኖና ይጨመርልኝ አለ። አባ ቤታችን ድረስ መጥተው ተቆጡት፤ እኔም እናቴም ባለንበት።

«ጴጥሮስም ካደ፣ ይሁዳም ሸጠ» አሉት። «አንደኛው አልቅሶ ተመለሰ። አንደኛው የምመለስበት ፊት የለኝም ብሎ ገመድ ፈለገ። አንተ የትኛውን ልትሆን ነው?»

አባቴም፣ «እግዚአብሔርስ ፈታኝ እንበል አባቴ። ጋሼን ማን ይጠይቅልኛል?» አላቸው።

አባም ሚስቱ አለች፣ ሄደህ ንገራት ብለውት መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

የግንቦት ልደታ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ መብላት ደንቡ ነው። በዚያ ዓመት ሴቶቹ ተሰብስቦ መታየትን ፈርተው ከአንድ አጥር ጀርባ በትንሽ ድስት ቀቀሉ። ልጆቹም እንዳንጮኽ ተነግሮናል። የባቄላውና የስንዴው እንፋሎት እየሸተተን ዝም ብለን ቁጭ ባልንበት አባቴ መጣ። ድሮ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነበር የሚቀርበው። አባቴ የተሸከመው መወርወሪያውን ነበር። እትዬ ዘነበች ፊት ተንበረከከ።

«ጠርተውኝ ነበር» አላት። «ድምፃቸውን አውቄዋለሁ። አልከፈትኩላቸውም። ይማሩኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ደነገጡ። እትዬ ዘነበች ማማሰያዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ምን አለ?»

«ስለ ልደታ ክፈትልኝ አሉኝ።»

«እኔን አላነሳም?»

አባቴ መዋሸት ይችል ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ምነው በዋሸ እላለሁ።

«አላነሱም» አላት።

ማማሰያዋን ድስቱ ላይ ጥላ ቤቷ ገባች። ይቅር ለእግዚአብሔር አላለችም። አባቴ ንፍሮው እስኪበርድ እንደተንበረከከ ቀረ፤ በኋላ እናቴ ናት ክንዱን ይዛ ያስነሳችው።

ከዚያ በኋላ ዳሱ ሥር ይቀመጣል እንጂ ሥራ አልነካም። አንድ ቀን ምሳውን ላደርስለት ስገባ ከዳሱ አግዳሚ ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ አባቴ ሥሩ ቆሞ ያየዋል። ደስ አለኝ። ወደ እናቴ ሮጬ አባባ ዥዋዥዌ ሊሠራልኝ ነው አልኳት። እናቴ የምታጥበውን ልብስ ጥላ በባዶ እግሯ በረረች። ገመዱን ከአግዳሚው ላይ አወረደችው። አጥሩ ላይ ወጠረችውና የታጠበውን ልብስ አሰጣችበት። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ገመድ ልብስ አስጥታለች። እኔ ዥዋዥዌዬን ወሰደችብኝ ብዬ አኮረፍኳት። ወይ ልጅነት! በዚያው ዕለት ነጠላዋን ለብሳ ወጥታ ቆይታ ተመለሰች። እትዬ ዘነበች ዘንድ እንደሄደች የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው፤ ምን እንዳለቻት ግን ያኔም አልነገረችኝም።

የሰኔ ልደታ ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ደጅ ላይ «ቤቶች!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማን። አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። በሩ መወርወሪያ እንደሌለው ያውቃል፤ እጁ ግን ወደ ድሮው ቦታ ሄዶ ባዶውን ዳሰሰ። ከዚያ ከፈተ። እትዬ ዘነበች በአንድ እጇ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ፣ በሌላው ትንሽ ገንቦ ጠላ ይዛ ቆማለች። ነጠላዋ ረጥቧል።

«ጽዋውን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለችው። «ተራው የኛ ነው።»

«የኔ ድግስ እኮ አልተደገሰም እትዬ» አላት። «ከጽዋው መቅመስም አይገባኝም።»

«አውቃለሁ። ሆዴ አልበረደም ሙላቱ፣ አልዋሽህም። ግን አንተ እስኪነፃልህ ስንጠብቅ የተሰማ ተራ ሊያልፍ ነው። እሱ ደግሞ ተራውን አሳልፎ አያውቅም።»

ገብታ ተቀመጠች። እናቴ ጽዋዋን ከመደርደሪያው አወረደች፣ አቧራዋን አበሰች። አባታችን ሆይ ደገምን። እትዬ ዘነበች ዳቦውን ቆረሰች፣ ጠላውን ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨችና ጽዋዋን በሁለት እጇ ወደ አባቴ ዘረጋች። ሲቀበላት አልለቀቀችለትም፤ እንደያዘችለት ጠጣ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለውን ቃል እስክትሞት ድረስ ከአፏ አልሰማነውም። ጽዋዋን በነጠላዋ ሸፍና በዝናቡ ይዛ ሄደች።

በቀጣዩ እሁድ አባቴ ቅጽሩን አለፈ። ቤተ መቅደሱ አልገባም፣ ዛፉ ሥር ቆመ፤ ግን ግንቡን አለፈ። ሥጋ ወደሙ የተቀበለው ጣሊያን ከወጣ ብዙ ቆይቶ ነው። መወርወሪያውን ግን አልመለሰውም፤ እንዳረጀ ዳሱ ውስጥ ቀረ።

አሁን ያ ቤትም የለም፣ ሰፈሩም የለም፤ እኔ ከደመና ሥር ፎቅ ላይ ነኝ። ያን ጊዜ ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንኳ ሰው «ቤቶች» ብሎ ይጣራ ነበር። ዛሬ ስንት ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ የኖርን ጎረቤቶች በስም እንኳ አንተዋወቅም። ማታ ማታ የቁልፉ ድምፅ ከየበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ ያኔ አባቴ ትዝ ይለኛል።

አዲሱ በር ላይ ትንሽ የመስታወት ዓይን አለች፤ የመጣውን ሰው አጮልቆ ማያ። እኔ ፕላስተር ለጠፍኩባት። የልጅ ልጄ ስታየው ተቆጣችኝ።

«እማዬ፣ ካላየሽ ማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አባቴ ማን እንደሆነ አውቆ ነበር እኮ ልላት ብዬ ተውኩት።